የሰሚራ አረንጓዴ ፋይል

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ደብዳቤ እንኳ ለማንም ልኬ አላውቅም፤ እናቴ ማንበብ ስለማትችል ለማን እልካለሁ? ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ድምፄ ይጠፋል። እዚህ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ አብራኝ የምትኖረው አስቴር ናት አንድ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ መጥታ «በአፍሽ እምቢ ካለሽ በእጅሽ ይውጣልሽ» ያለችኝ። ፊደል የሳትኩበትን እሷ አርማልኛለች። ሌላው ጥፋት የኔ ነው።

የምጽፈው ጉደር፣ አምቦ፣ ጊንጪ፣ እጃጂ ላላችሁ፣ ፎቶና ፓስፖርት ይዛችሁ በየኤጀንሲው ደጅ ለምትሰለፉት ነው። እዚህ ላላችሁትም ነው፤ እናንተ ግን ብዙውን ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ከጉደር የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኔና ሰሚራ። ሰሚራ የእናቴ ልጅ ናት። የኔ አባት የደንዲ ገበሬ ነበር፤ እኔ መራመድ ሳልጀምር ሞተ። እናታችን፣ አዮ ነው የምንላት፣ እኔን ታቅፋ ጉደር ገባች። ቆይታም ከስልጤ አገር መጥቶ ጨርቅ ይነግድ የነበረውን ጋሽ ከድርን አገባች። ሰሚራ የሱ ናት። በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ቤታችን ውስጥ ግን ይሄ ወሬ ሆኖ አያውቅም። ሁለት ድስት ነበረን። የጋሽ ከድርና የሰሚራ ሥጋ የሚሠራበት ድስት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ የኔና የአዮ ክር የለውም። ሽሮና ጎመን ከየትኛውም ይበላል። አንድ ጊዜ ሰሚራ ማማሰያውን ከአንዱ ድስት አውጥታ ሌላው ውስጥ ነከረችው። እኔ በድንጋጤ አለቀስኩ። አዮ ሁለቱንም ድስት ወስዳ በአመድ አሽታ አጠበችና «በሉ፣ ዛሬ ሁላችንም ሽሮ ነን» አለች። ጋሽ ከድር እስኪያስለው ሳቀ።

ጋሽ ከድርን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ሱቁ ተዘጋ። የኔ የጽዳት ደሞዝ ለአራት ሰው አልበቃ አለ። «አረብ አገር እንሂድ» ያለችው ሰሚራ ናት፤ ከሁለታችን ደፋሯ እሷ ናት።

አዮ እስከ መናኸሪያ ሸኘችን። ብርድ ነበር፤ ከወንዙ የሚነሳው ጉም መንገዱን ሸፍኖት የአውቶቡሱ መብራት ብቻ ይታያል። አዮ የሰሚራን እጅ ያዘችና እጄ ላይ አኖረችው፤ ዕቃ ቆጥሮ እንደሚያስረክብ ሰው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ላንቺ ነው የሰጠኋት። የትም ብትገቡ አንድ ላይ ግቡ። አንድ ቤት ባይሆን አንድ ከተማ። አንድ ከተማ ባይሆን አንድ አገር።»

«እሺ አዮ።»

«እኔ በግ ነኝ እንዴ የምታስረክቢኝ?» አለች ሰሚራ።

አዮ አልሳቀችም። «አንድ አገር» አለች ደግማ፣ እኔን እያየች። እኔም ደግሜ «እሺ» አልኩ። ያችን «እሺ» ነው እስከዛሬ ተሸክሜ የምዞረው።

እዚህ ላይ ስለ ጽዳት ሥራዬ ትንሽ ልናገር፤ ኋላ የሆነው ሁሉ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ጉደር ካምፓስ ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል ቢሮ ነበር የማጸዳው። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የእንጨት መደርደሪያ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ካሬ ቀዳዳ የተከፋፈለ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር የአንድ መምህር ስም ተለጥፏል። ደብዳቤ ሲመጣ በየስሙ ይከተታል። መምህራኑ «ፒጅን ሆል» ነው የሚሉት። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ ዳዊት የሚባል ወጣት መምህር አጠገቤ ቆሞ፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። አላውቅም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«የርግብ ቤት እንደማለት ነው። ፈረንጆች ድሮ ርግብ የሚያኖሩበት ግድግዳ እንዲህ ባለ ቀዳዳ የተሞላ ነበር። ሰውንም ሳያውቁት በአንድ ቃል ይሄ እንዲህ ነው፣ ያቺ እንዲያ ናት ብለው ሲጨርሱት በዚሁ ስም ይጠሩታል።»

በልቤ ግን፣ ርግብ እኮ የምትገባበትን ራሷ ትመርጣለች አልኩ። እንደተለመደው ለሱ አልነገርኩትም።

ጸሐፊዋ ወልዳ ቤቷ ስትቀመጥ ደብዳቤ መክተቱ ለኔ ተሰጠኝ። በክፍሉ ሁለት ዳዊት ነበሩ። የዚያን መምህር ደብዳቤ የሌላኛው ዳዊት ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩት፤ ያኛው ደግሞ ለእረፍት አገሩ ሄዶ ነበር። ደብዳቤው ሲገኝ ለውጭ አገር ትምህርት የተጠራበት የፈተና ቀን አልፏል። ይጮህብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። «ምንም አይደለም ኩሌኒ» ብሎ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቦታው ውጪ የተቀመጠ ወረቀት ካየሁ ወደ ቦታው ሳልመልሰው አላልፍም።

አዲስ አበባ የገባንበት ኤጀንሲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ፋይል የምትይዘው ሐና የምትባል ልጅ ናት፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ብቻ ሁልጊዜ ትቸኩላለች።

«ስም?»

«ኩሌኒ ቶለሳ። እሷ ሰሚራ ከድር። እህቴ ናት» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ቀን ድምፄ የወጣው ያኔ ብቻ ነው።

ሐና አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኛን አየች። «ቶለሳ። ከድር። የምን እህት?»

«የእናቴ ልጅ ናት።»

«ውዴ፣ ፎርሙ ላይ የአባትና የአያት ስም ብቻ ነው ያለው። የእናት ልጅ የት ላድርግልሽ?» አለችና ለኔ ሰማያዊ፣ ለሰሚራ አረንጓዴ ፋይል አወጣች። ሰማያዊ ለክርስቲያን፣ አረንጓዴ ለሙስሊም መሆኑ ነው።

ፎቶ ስንነሣ ደግሞ ፎቶ አንሺው ሌላ ትምህርት ነበረው። «አትሳቂ፣ የምትስቅ ሠራተኛ ባል ትቀማለች ይላሉ። አትኮሳተሪ፣ የምትኮሳተር ሕፃን ትመታለች ይላሉ።»

«እና እንዴት እንሁን?» አለች ሰሚራ።

«መካከለኛ።»

«እንደ ሬሳ ነዋ» አለች ሰሚራ። ወረፋ የያዙት ልጆች ሁሉ ሳቁ፤ ፎቶ አንሺው ግን ትክክል ነው አለ። የኔ ፎቶ ከሁሉም አምሮ ወጣ፤ እኔ በወትሮውም እንደዚያው ነኝ።

ለሁለት ሳምንት ኤጀንሲው በተከራየው ማረፊያ ቤት ተቀመጥን። ቀን ቀን ቢሮው ኮሪደር ላይ እንጠብቃለን። ከሐና ወንበር ኋላ ያንን የርግብ ቤት አየሁት። እዚህ የተለጠፈው የሰው ስም አልነበረም። በፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ፦ «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ወፍራም»፣ «ልምድ ያላት»፣ «አረብኛ የምትሞክር»። ታችኛው ረድፍ ላይ «ሳውዲ» እና «ዮርዳኖስ»። ስቀመጥ እጄ ሥራ ስለሚፈልግ አቧራውን ጠረግኩላት። ሐና ወደደችልኝ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛ ሙሉ ፋይል ሰጠችኝ።

«አንቺ የለመድሽ ትመስያለሽ። ነገ ሥራ አስኪያጁ በየአገሩ ይልካቸዋል። አረንጓዴዎቹን ሳውዲ ክተቻቸው፤ ሳውዲዎቹ ሙስሊም ብቻ ነው ያዘዙት። ሰማያዊዎቹን ዮርዳኖስ። ዮርዳኖሶቹ እንኳ ግድ የላቸውም፣ ማንም ብትሄድላቸው። ብቻ እንዳይምታታብን በቀለም በቀለሙ አድርጊው።» ይህን ብላ ምሳ ሄደች።

እኔና ሰሚራ የተለያየ አገር እንደምንላክ የገባኝ በዚያች ደቂቃ ነው። መፍትሔውንም ሐና ራሷ ነግራኝ ሄዳለች፦ ዮርዳኖሶቹ ግድ የላቸውም።

የቢሮው በር መስታወት ነው። ግማሹ በትልቅ የአውሮፕላን ሥዕል ተሸፍኗል፤ በቀረው በኩል ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት ልጆች ይታያሉ። ሰሚራም እዚያው መሃላቸው ነበረች።

ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከተትኩ። የሰሚራ ሲመጣ እጄ ቆመ። ፎቶዋን አየሁት፤ ሳቋን ልትደብቅ ብላ አፏ ጠመም ብሏል። ፋይሏን ዮርዳኖስ ውስጥ ከኔው ጎን ከተትኩት። ሁለታችን ጎን ለጎን ሆንን። አዮ ያለችው ሆነ፣ አንድ አገር። ለትንሽ ጊዜ ደስ አለኝ።

ከዚያ ራቅ ብዬ አየሁት። በሰማያዊዎቹ መሃል አረንጓዴው ጎላ ብሎ ይታያል። ዳዊት ትዝ አለኝ፤ ደብዳቤውን ሲያጥፍ። ነገ ሥራ አስኪያጁ «ይሄን ማነው ያምታታው?» ቢልስ? ሁለታችንንም ወደ ጉደር ቢመልሱንስ? እንዲህ እንዲህ ብዬ ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ሐና ተመልሳ «ጎበዝ» እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ጎበዝ ያለኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

አውጥቼ ሳውዲ ውስጥ ከተትኩት። ሐና ስትመጣ እነግራታለሁ፣ ራሷ ትቀይረዋለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሐና መጣች፤ ጥርሷን እየጎረጎረች መደርደሪያውን ቃኘችው። «ጎበዝ! አንድም አልተሳሳትሽ» አለች።

አልነገርኳትም።

ስንወጣ ሰሚራ እንደወትሮዋ አልቀለደችም። ርቧት ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ስማችን ተጠራ፤ እሷ ሳውዲ፣ እኔ ዮርዳኖስ። ሰሚራ አየችኝ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ለአዮ ደውዬ «ቢሮው ነው የለየን» አልኳት። አዮ «እነሱስ እናት የላቸውም?» አለች።

ቦሌ ላይ ለሳውዲ ሂያጆች አንድ ዓይነት ሻርፕ፣ ለኛ አንድ ዓይነት ኮፍያ አደሉን። የሰሚራ በረራ ቀደመ። ሻርፑን አንገቷ ላይ እንደ መስቀያ ገመድ ወጥራ ይዛ ምላሷን አወጣችልኝ፤ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ጠፋች። ፊት ለፊት የተሳሳቅነው የመጨረሻው ይሄ ነው።

አማን ኮረብታ ላይ የተሠራ ከተማ ነው። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ድንጋይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ስመለስ ሰው ቤት አንኳኩቻለሁ። ክረምቱ በኛ በጋ ነው የሚመጣው። ዝናቡ የጉደር ዝናብ አይደለም፤ የኛ ዝናብ መጥቶ ደብድቦ፣ ወንዙን አስጮኾ ይሄዳል፣ ከኋላውም ፀሐይ አለ። የዚህ ዝናብ እንደ ኩርፊያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። ደግሞ አገሩ በሙሉ ውሃ የሚጠጣው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ጋን ነው። ከመሬት ውስጥ እየፈላ የሚወጣ፣ ሲጠጡት አፍንጫን የሚሰረስር ውሃ አለን ስላቸው ማንም አላመነኝም። በየድግሱ መንሰፍ የሚሉት አለ፤ ሩዝ ላይ ሥጋ ተደርጎ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ እርጎ በውሃ ተበጥብጦ ይፈስበታል። ጎምዛዛ ነው። አዮ እርጎ ሲያልፍባት ለውሻ ትሰጠዋለች፤ እዚህ ለሠርግ ነው። ልናገር አልችልምና በላሁ፤ ኋላ ወደድኩት፣ አሁን ሳይቀር ያምረኛል። በዚህም አፍራለሁ።

የገባሁበት ቤት እመቤት ማማ ነው የምትባለው። በመጀመሪያው ቀን ስሜን ጠየቀችኝ።

«ኩሌኒ።»

«ኩ… ኩላ… ላ፣ ላ። ሊና።» «ላ» አይሆንም ማለት ነው።

«ኩሌኒ» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አውቃለሁ። ሊና።»

የወጥ ቤቱን ሽርጥ ስታቀብለኝ ደረቱ ላይ ሊና የሚል ተጠልፏል። ከኔ በፊት የነበረችው የፊሊፒን ልጅም ሊና ነበረች። ከሷ በፊት የነበረችውም እንደዚያው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ታችኛው ጥግ ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የሊና ናቸው። የቤታችን ቀይ ክር ትዝ አለኝ። የኛ ክር የታሰረው ድስት ላይ ነበር። እዚህ ያሰሩት እኔ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰሚራ ዓርብ ዓርብ ትደውል ነበር፤ አሠሪዎቿ ዘመድ ለመጠየቅ ሲወጡ።

«እኔን ፋጢማ ብለውኛል። አንቺንስ?»

«ሊና።»

«ኧረ ባክሽ! ሊና ቶለሳና ፋጢማ ከድር። ሐና ትሙት፣ አሁንስ የምን እህት?» ትላለች፤ ትስቃለች። ድምፁ ግን ሳቅ ብቻ ነው፤ ደስታ የለውም። አንድ ቀን «ኩሌ፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ነው የምተኛው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ማሽኑ ሲሠራ ይሞቃል፤ ደግነቱ ያ ነው» አለችኝ። ስለ ፋይሏ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በሷ በኩል በር ሲከፈት ተሰማና ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ሲመጣ ስልኬ ዝም። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ዓመት አለፈ። አዮ በደወልኩ ቁጥር «እህትሽስ?» ትላለች። «ደህና ናት፣ ስልክ ከልክለዋት ነው» እላለሁ። የማላውቀውን ነው የምነግራት።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ከማማ ቤት ወጣሁ። በቀን የማጽዳት ሥራ ያገኘችልኝ አስቴር ናት፤ የሐዋሳ ልጅ ናት፣ አፏ እንደ ምላጭ ነው። አብረን ክፍል ልንከራይ አንድ ሽማግሌ አከራይ ዘንድ ሄድን።

«ከየት ናችሁ?» አለን በአረብኛ።

«ኢትዮጵያ።»

«ሐበሽ። ጥሩ። ሐበሽ ንጹሕ ነው፤ ግን ሽንኩርት ስታቁላሉ ፎቁ በሙሉ ይሸታል። ፊሊፒኖች ይዘፍናሉ። ስሪላንካዎች ይጣላሉ። ሱዳኖች ዘመዳቸው አያልቅም፣ አንድ አከራይተህ ዐሥር ታገኛለህ።»

«ያንተ አገር ሰዎችስ?» አለችው አስቴር።

ሰውዬው በጥሞና አሰበ። «የኔ አገር ሰው? እሱማ እንደየሰዉ ነው» አለ።

አስቴር በአማርኛ ወደኔ ዞራ «ሰማሽ? እነሱ እንደየሰዉ ናቸው፤ እኛ እንደየሽንኩርቱ» አለች። ክፍሉን ተከራየነው፤ ሽንኩርትም እናቁላላለን።

ሰሚራን ለማፈላለግ መጀመሪያ የሄድኩት አስቴር እየገፋችኝ ነው። ሰው የጠፋባቸው የሚመዘገቡበት አንድ ቢሮ አለ። ያስተናገደኝ ያገሬ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያናግረኛል። ከኋላው ምን ቢኖር ጥሩ ነው? የርግብ ቤት። ፈገግ ማለት ዳዳኝ።

«የጠፋችብሽ የት ነው?»

«ሳውዲ።»

«ሳውዲ ያለች የምትጠየቀው በሳውዲ ነው።»

«እዚያ ስደውል እዚህ ጠይቂ አሉኝ፤ አመልካቿ ያለችው ዮርዳኖስ ነው ብለው።»

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ።»

መታወቂያዬንና የሷን ስም አየ። «የአባት ስም አይገጥምም። ዘመድ ነው የምጽፈው።»

«የእናት ልጅ ናት» አለች አስቴር ከኔ ቀድማ። «ከአንድ ማህፀን ነው የወጡት፣ ጌታዬ። ከዚህ በላይ ምን ይግጠም?»

«እኔ የማህፀን መዝገብ የለኝም፣ እህቴ» አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። «ሞታ ነው ጠፍታ?»

«አላውቅም።»

«ከአሠሪ ቤት ኮብልላ ነው ታስራ?»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

«ካላወቅሽ የት ላስገባልሽ? የሟች ለብቻ ነው፣ የእስረኛ ለብቻ ነው፣ የኮብላይ ለብቻ ነው።» ሰውዬው አልተቆጣም፤ በእውነት ተቸግሮ ነበር። መደርደሪያውን ላይ ታች አየና በመጨረሻ ጥግ ላይ ካለ ቀዳዳ ውስጥ ከተታት። ከሥሩ «ልዩ ልዩ» ይላል። ከውስጡ የሚወጣው አቧራ ሲታይ ማንም ነክቶት አያውቅም። ጽዳት ሠራተኛ ነኝና ይሄን አውቃለሁ።

ከዚያ በየወሩ እሄድ ነበር። የሰሚራ ወረቀት እዚያው ነው፤ የሚጨመርበት አቧራው ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ቀን፣ ሰው ቤት መስኮት ስወለውል ነው ጸጸቱ የሚመጣብኝ፤ መስታወት ሳይ። ያን አረንጓዴ ፋይል ያኔ ባላወጣው ኖሮ፣ ቢያንስ እዚህ ሆነን ሁለታችንም ሊና እንባል ነበር እላለሁ።

ባለፈው ዓመት መገባደጃ ላይ አዮ ራሷ ደወለች። አዮ ደውላ አታውቅም፤ ጎረቤት ደውሎላት ነው። ሰሚራ መጥታለች። ከሳውዲ የሚመለሱ ሰዎች በሚታጎሩበት ቦታ ብዙ ወር ቆይታ፣ ከብዙ ሰው ጋር በአውሮፕላን ተጭና፣ በፌስታል አንድ ቅያሪ ልብስ ይዛ ጉደር ገብታለች። አዮ በአንድ ትንፋሽ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እየደባለቀች ታለቅሳለች። «ቀጥናለች። አትናገርም። ጋሽ ከድር ቁርኣን ይቀራላታል፣ እኔ ጸበል እረጫታለሁ፤ ሁለታችንንም ዝም ብላ ታየናለች። ቀበሌ ሄጄ አስመዘገብኳት፣ ተመላሽ የሚል ወረቀት ሰጡኝ። መንደሩ ሁሉ አሁን ‹ተመላሿ› ነው የሚላት። ስሟን ሁሉ ሰው ረሳው እንዴ?»

«ስልኩን ስጫት» አልኩ። አዮ ሰጠቻት። ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። «ሰሚራ» አልኩ። ትንፋሽ። ስልኩን ለአዮ መለሰችላት።

እንዲህ እያልን ብዙ ሳምንት ሄደ። ዓርብ ዓርብ እደውላለሁ፤ የድሮ ቀናችን ስለሆነ። እኔ ነኝ የማወራው። እኔ፣ ሦስት ሰው ፊት ድምፅ የሌለኝ፣ ስልኩን ይዤ ስለ አማን ዝናብ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ አስቴር አፍ አወራለሁ። አንዳንዴ «እም» ትላለች። አንድ ጊዜ ስለ አከራዩ ስነግራት በአፍንጫዋ ትንሽ ሳቀች። ያን ቀን እንጀራ በደንብ በላሁ።

ባለፈው ዓርብ ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። አስቴር አልነበረችም። ደወልኩ፤ ራሷ አነሳችው። አዮ ገበያ ሄዳለች አለችኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዛሬ ካልተናገርኩ ዕድሜዬን ሙሉ አልናገርም አልኩና ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ሐና ምሳ መውጣቷን፣ ዮርዳኖሶቹ ግድ የላቸውም ማለቷን፣ ፋይሏን ከኔ ጎን መክተቴን፣ መልሼ ማውጣቴን፣ ለአዮ ቢሮው ነው የለየን ብዬ መዋሸቴን፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ስለ ዳዊት ደብዳቤም ነገርኳት። «ጎበዝ» መባል ፈልጌ እንደነበር ግን አልነገርኳትም፤ እሱን ዘለልኩት። በመጨረሻ «በገዛ እጄ ነው ሰሚራ» አልኩ።

ከወዲያ የጉደር ድምፅ ይመጣል። የመኪና ጡሩምባ። የሰው ዶሮ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከዚያ፣ ከተመለሰች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ረዥም ዓረፍተ ነገር፣ ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ እንዲህ አለችኝ፦

«አይቼሽ ነበር እኮ፣ ኩሌ። በመስታወቱ። ካንቺ ጋር አስገባሽኝ፤ ደስ ብሎኝ ለልጆቹ ‹እህቴን አያችኋት?› ልል ስነሣ መልሰሽ አወጣሽኝ። እንዳወጣሽኝማ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ እስክትነግሪኝ ነው ይኸው የምጠብቅሽ።»